ዝርዝር የለኝም

«ዝርዝር ያለው ብቻ! ዝርዝር የሌለው እንዳይገባ!»

አዋጁን የሚያውጀው ከአስኮ ቡራዩ የሚመላለስ የሚኒባስ ታክሲ ረዳት ነው። ወሩ ሐምሌ፣ ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ዝናቡም የቡራዩ ዝናብ ነው፤ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎንም ይመጣል። ኪሴ ውስጥ ያለችው አንዲት ድፍን ባለ 200 ብር ኖት ናት። ይህቺ ኖት መስከረም 2013 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ስትወጣ እያገላበጥኩ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ታክሲ ውስጥ እንደ ጦር መሣሪያ የምታስፈራ መሆኗን የተረዳሁት ቆይቼ ነው።

ምን ላድርግ? ዝርዝር እንዳለው ሰው ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ውሸት ነው፤ ግን ከአፌ ቃል ስላልወጣ ኃጢአት ብዬ አልመዘገብኩትም።

አሥራ ሁለት ሆነን ተቀመጥን፤ ልክ እንደ ሐዋርያት። ረዳቱ በሐዋርያት ቁጥር የሚረካ ሰው አይደለምና ሁለት ጨመረ። በመጨረሻ ጥምጥማቸው በዝናብ የራሰ አንድ አባት ብቅ አሉ። ያኔ ታክሲዋ ቤተ ክርስቲያን ሆነች። «አባ፣ እዚህ ጋ! አባ፣ ይግቡ!» ያልተጠጋጋ ሰው የለም። መስቀላቸው ከኪሳቸው ወጣና ከአንዱ ግንባር ወደ ሌላው ከንፈር ሲዘዋወር ቆየ። ሾፌሩ እንኳ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ አንገቱን አዙሮ ተሳለመ፤ እኛንም ለዚያች ቅጽበት ለፈጣሪ አደራ ሰጠን።

«ሒሳብ! ሒሳብ ከኋላ!» አለ ረዳቱ።

መስቀሉን የተሳለመ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ መስኮት ዞረ። መስኮቱ በትንፋሻችን ታፍኗል፤ ከውጭ ዝሆን ቢያልፍ እንኳ አያሳይም። እኛ ግን አገር ጎብኚ ይመስል አፍጥጠን እናያለን። የአባን ሒሳብ ማን ይክፈል? እኔ፣ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ በልቤ ከፍያለሁ። እጄም ኪሴ ገብታ ድፍኗን ነክታለች። ከነካቻት በኋላ ግን ማሰብ ጀመረች፦ ረዳቱ «መልስ የለኝም» ቢልስ? «ስትወርድ እሰጥሃለሁ» ብሎ ቢረሳስ? እጄ እንደገባች ባዶዋን ወጣች። አባ የቀሚሳቸውን ኪስ መዳበስ ጀመሩ።

ይህን ጊዜ ከመጨረሻው ወንበር አንድ እጅ በትከሻዎች መሃል ሾልኮ መጣ። የተጨማደዱ አሥር አሥር ብሮች ይዟል። «የሦስት ሰው» አለ አንድ ዝቅ ያለ ድምፅ። ረዳቱ ቆጠረና «አባ፣ ተከፍሏል» አለ።

ዞሬ እንዳላይ አንገቴ በሰው ክንድና በጣሪያው መካከል ተቆልፏል። ከፋዩ ማን እንደሆነ ያወቅሁት ስወርድ ነው። እናንተም ቆዩ፤ ስንወርድ እነግራችኋለሁ።

እስከዚያው ግን የገባኝን ልናገር። እኛ አገር ሃይማኖት የጠፋበት ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያለን ግን በድፍኑ ነው። ለእምነትህ ሙት ብንባል አንገታችንን እንሰጣለን፤ ለጎረቤትህ አሥር ብር አውጣ ብንባል ዝርዝር የለንም።

ይህን በሦስት ከተማ አጣርቻለሁ። እስራኤላውያን ኢያሪኮን ሰባት ቀን ቢዞሯት በሰባተኛው ቀን ቅጥሯ ፈረሰ። እኔ በቤት ኪራይ ምክንያት አዲስ አበባን አሥራ አንድ ዓመት ዞርኳት፤ በሰበታ በኩል ሞከርኩ፣ በሱሉልታ በኩል ሞከርኩ፣ አሁን በቡራዩ በኩል ነኝ። የኪራዩ ቅጥር ግን መፍረሱ ቀርቶ በየዓመቱ አንድ መደዳ ብሎኬት ይጨመርበታል። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሦስቱም ከሌሎች አካባቢዎች ጋር ተጠቃልለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ ሦስት ከተማ የኖርኩ መስሎኝ ለካ አንድ ከተማ ውስጥ ፍራሽ ሳዟዙር ነው የከረምኩት።

ከሰበታ ልጀምር። የሰበታ ስም ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤቱንና ሜታ አቦ ቢራን ነው። ሁለተኛው ሁልጊዜ ይገርመኛል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ፣ ገድላቸው እንደሚተርከው፣ 562 ዓመት ኖረው እህል ውሃ ያልቀመሱ፣ ሲወለዱ የእናታቸውን ጡት እንኳ ያልጠቡ ጻድቅ ናቸው። በፍቅር የምንጠራበት «አቦ» የሚለው ስማቸው ከስም ሁሉ መርጦ ከቢራ ጋር መጎራበቱ የእኛው ሥራ ነው። እሳቸው ያልቀመሱትን እኛ ስለ እሳቸው እንቀምሳለን።

የዚያን ጊዜ አከራዬ፣ እኔ እማማ የምላቸው ሴት፣ የአቦ ማኅበርተኛ ነበሩና እኔንም አስገቡኝ። ወር በገባ በአምስት በየተራ ቤት እንሰበሰባለን። ጽዋው አለ፣ ዳቦው አለ፣ ጠላው አለ፤ ከሁሉ በላይ ግን ደንቡ አለ። የዘገየ ሃምሳ ብር፣ የቀረ መቶ ብር፣ ስልኩ የጮኸ ሃያ ብር። የማኅበሩ ሙሴ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፤ እንደ ማዕረጋቸው ሕግ ይወዳሉ። ልዩነቱ፣ የሲናው ሙሴ ተናደው ጽላቱን ሰበሩት፤ የእኛው ሙሴ ደግሞ ደብተሩ እንዳይቆሽሽ በላስቲክ ለብደውታል።

አንድ ጥቅምት 5፣ በዓመታዊው በዓል፣ ከመካከላችን የአንድ መጋዘን ጥበቃ የሆነው አባል አንድ ሰዓት ሙሉ ዘግይቶ መጣ። ጫማው ጭቃ፣ ሸሚዙ ላብ በላብ ነው። የጉልት ጎመን ሻጭ የሆኑ አሮጊት መንገድ ላይ ወድቀው አግኝቷቸው አዝሎ ጤና ጣቢያ አድርሷቸው ነው የመጣው። ሙሴ መነጽራቸውን አስተካክለው ደብተሩን ገለጡ። ክርክር ተከፈተ።

«ለነፍስ ሲል ነው የዘገየው፤ ይማር» አለ አንዱ።

«ዛሬ ይሄን ከማርን በሚቀጥለው ወር ሁሉም አሮጊት አዝዬ ነው እያለ ይመጣል» አለ ሌላው።

«እሺ፣ የጤና ጣቢያ ማስረጃ ያምጣ» አለ ሦስተኛው።

እኔም የተማርኩ ነኝና አስታራቂ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ግማሹን፣ ሃያ አምስት ብር፣ ይቀጣ አልኩ። ይህችን ጥበቤን ዛሬም ድረስ ሳስታውሳት ጆሮዬ ይግላል። አሮጊቷ ተርፈው እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን አልነበረም። አርባ ደቂቃ ተከራክረን በድምፅ ብልጫ ሙሉውን ተቀጣ።

እማማ እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈትተው ሃምሳ ብር ሙሴ ፊት አኖሩ። ቀጥለው ሌላ ሃምሳ ደገሙ።

«ይቺኛዋ የምንድን ናት?» አሉ ሙሴ።

«ጸሎት ሳይደረግ ጥሎ የሚወጣ ሰው ቅጣት ይኖርበት ይሆናላ! ሴትዮዋን አይቻቸው ልምጣ» አሉና ከዳቦው ድርሻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ። ሙሴ ደብተሩን ወደ ፊትም ወደ ኋላም ገለጡ፤ ለእንዲህ ያለው ነገር አንቀጽ አልተጻፈም።

ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ ላይ ወንበዴ የደበደበውን ሰው ያነሣው ሳምራዊ የእኛ ማኅበር አባል ቢሆን ኖሮ በየወሩ ይቀጣ ነበር። አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊ ግን አንድም ቀን አይዘገዩም፤ መዝገባቸው ንጹሕ ነው።

ከሰበታ ያስወጣኝ ኪራይ ነው፤ ሱሉልታ ያስገባኝም ኪራይ ነው። ከአዲሱ ገበያ ተነሥቶ የጎጃምን መንገድ ይዞ የእንጦጦን ዳገት የተሻገረ ሰው ብርዱ ሱሉልታ በር ላይ ቆሞ ይቀበለዋል። ሱሉልታ የሚሮጡባት ከተማ ናት፤ አትሌቱ በማለዳ ለሜዳሊያ ይሮጣል፣ እኛ ለታክሲ። የወተት ከተማም ናት። ጎረቤቴ ሦስት የፈረንጅ ላሞች ያሏት ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት «አከም ቡልተ» ብላ የምታንኳኳው እጇ ላይ ትኩስ ወተት ይዛ ነው።

ጾመኛነቷን ብታዩ ትቀኑባታላችሁ። ከሰባቱ አጽዋማት አንዱን አታጎድልም፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፣ ነነዌንም ፍልሰታንም እንዲሁ። ያውም ጾም ለወተት ሻጭ ኪስ የሚጎዳ ነገር ነው። ጾም ሲገባ አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው ወተት መጠጣት ያቆማል፤ ላም ግን መታለቧን አታቆምም። ገዢ ይጠፋል፣ ዋጋ ይወድቃል፣ የተረፈው ወተት ተንጦ ቅቤ ይሆናል። ጎረቤቴ ይህን ሁሉ አንድ ቀን ሳታማርር ታሳልፈዋለች። ፈተናው የሚጥላት ጾሙ ሲፈታ ነው። አገሩ ሁሉ ወተት ወተት ሲል ሦስቱ ላሞች አይበቁም፤ አራተኛዋ ላም ትጨመራለች። አራተኛዋ ላም ቧንቧዋ ናት።

«እትዬ፣ ወተቱ ቀጠነብኝ» አልኳት አንድ ቀን።

«ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ ወንድሜ? በምን ቀምሼ ልወቀው!»

ማለፊያ መልስ ነው። ፍርዱን የሰጠው ግን ወተት ሰብሳቢው ወጣት ነው። ላክቶሜትር የምትባል፣ ከመስታወት የተሠራች፣ ታችዋ የከበደ ቀጭን መሣሪያ አለችው። ያልተነካካ ወተት ውስጥ ከፍ ብላ ትንሳፈፋለች፤ ውሃ የበዛበት ውስጥ ወደ ታች ትሰጥማለች። ጴጥሮስ በባሕር ላይ ሲራመድ የሰጠመው ስለተጠራጠረ ነው። በጎረቤቴ ባልዲ ውስጥ ላክቶሜትሯ የሰጠመችው ግን ያለ አንዳች ጥርጥር ነው።

«እትዬ፣ ውሃ አለው» አለ ወጣቱ በትሕትና።

«ውሃ? ጠበል ነው! ላሞቹን ዓይን እንዳያገኛቸው ጠብ አድርጌበት ነው።»

«ጠብ» ያለችው በእኔ ግምት ሁለት ሊትር ይሆናል። ፈጣሪ ወተትን ሲሠራ ከመቶው እጅ 87 ያህሉን ውሃ አድርጎታል፤ እሷ ግን እጁ ያጠረ መስሏት ታግዘው ነበር። ወጣቱ መሣሪያዋን በጨርቅ ጠርጎ «እንግዲያው እትዬ፣ ጠበል አይሸጥም» ብሎ ባልዲውን መለሰላት።

እኔም ስቄ ሳልጨርስ ተራዬ ደረሰ። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። ንግሡ እንዳያመልጠኝ ለአለቃዬ አሞኛል፣ ሐኪም ቤት ነኝ የሚል መልእክት ላክሁ። ታቦቱ ወጥቶ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ እያጨበጨብኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። ሳላስብ አነሣሁት።

«እንዴት ነህ? ተሻለህ?» አለ አለቃዬ። ከበሮው እዚያው ጆሮዬ ሥር ይመታል። «ምንድን ነው የሚደበደበው?»

«ራጅ... የራጅ ማሽኑ ነው።»

ይህን ጊዜ አጠገቤ ያሉ እናቶች እልልታውን አቀለጡት።

«ራጁ እልል ይላል እንዴ?» አለኝ።

መልአኩን ላከብር ወጥቼ በመልአኩ ፊት ዋሸሁ። የዓመት ፈቃድ ነበረኝ፤ ግን አንዲቷን ቀን ላለማጉደል ብዬ ነው። ጎረቤቴ ወተቷን በጠበል አቀጠነች፤ እኔ በዓሌን በውሸት። በእሷ ለመሳቅ ያደፋፈረኝ የእኔን የሚለካ ላክቶሜትር ሰብሳቢው እጅ ላይ አለመኖሩ ብቻ ነው።

አሁን ያለሁት ቡራዩ ነው፤ ለአዲስ አበባ ውሃ ከሚያጠጣው ከገፈርሳ ግድብ ብዙ ሳልርቅ። ግቢያችን ውስጥ ሦስት ተከራዮች ነን። በአንዱ ጫፍ እኔ፣ በሌላው ጫፍ ጴንጤ የሆነ ብረት በያጅ፣ መሃል ላይ የሌሊት ጥበቃ የሆነ ሙስሊም ወንድማችን። ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አንድ ነው፤ በአንዱ ቤት ያነጠሰ በሌላው ቤት «ይማርህ» ይባላል።

በያጁ ጠዋት ሲነሣ መዝሙር ይከፍታል። እኔም ሃይማኖቴ የተደፈረ መስሎኝ የራሴን መዝሙር እከፍታለሁ። እሱ ድምፁን ይጨምራል፤ እኔም እጨምራለሁ። የሁለቱም መዝሙር መልእክት ፍቅር ነው። ሌሊቱን ሲጠብቅ አድሮ የሚመጣው ጎረቤታችን ትራሱን በጆሮው ላይ ጭኖ በሁለት የክርስቶስ ወገኖች መካከል ሰማዕትነት ይቀበላል። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆሞ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ «ወንድሜ፣ ፈጣሪ በሹክሹክታም ይሰማል አይደል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። በማግሥቱ ግን ድምፁን አልቀነስኩም፤ እሱ መጀመሪያ ይቀንስ!

ከበያጁ ጋር ከተኳረፍን ስምንት ወር ሆኖናል። የተጣላነው በአማላጅነት ጉዳይ ነው። እሱ «አማላጅ አያስፈልግም» ይላል፣ እኔ «ያስፈልጋል» እላለሁ። ስምንት ወር ሙሉ ግን የሚያስታርቀን አንድ ሽማግሌ ሳይላክ ተቀመጥን። እሱ እንኳ እምነቱ ነው እንበል፤ እኔን ምን ነካኝ?

እንግዲህ ወደ ታክሲዋ እንመለስ። «ወራጅ አለ!» ብዬ ወረድኩ። እንደ ምንም ደፍሬ 200 ብሯን ለረዳቱ ዘረጋሁለት። ጥርሱን ነክሶ «ዝርዝር አላልኩም?» ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ፣ «ያንተም ተከፍሏል እኮ፤ የሦስት ሰው አላለም?» አለኝ።

ከኋላዬ አባ ወረዱ። ከአባ ኋላ የብየዳ ፍንጣሪ ጃኬቱን የበሳሳው ሰው ወረደ። ጎረቤቴ ነው። አባ መስቀላቸውን አወጡለት። እሱ መስቀል አይሳለምም፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ በሁለት እጁ እጃቸውን ጨበጠና «ደህና ይደሩ አባ» አላቸው። እሳቸውም ሳይከፉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ጭቃውን እየመረጡ ሄዱ። እኔና እሱ ዝናብ ላይ ቀረን። ምን ይባላል? «አመሰግናለሁ» ልል አፌን ስከፍት «እንዴት ዋልክ?» የሚል ወጣኝ። «ደህና» አለ። ቤታችን እስክንደርስ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም፤ ግን ጎን ለጎን ነው የሄድነው።

ቤቴ ገብቼ ወንጌልን ገለጥኩ። እስከዛሬ ልብ አላልኩትም እንጂ ዝርዝር የሞላበት መጽሐፍ ነው። ሳምራዊው ለእንግዳ ማረፊያው ባለቤት የሰጠው ሁለት ዲናር ነው። መበለቲቱ መዝገብ ውስጥ የጣለችው ሁለት ናስ ነው። ሴቲቱ መብራት አብርታ፣ ቤቷን ጠርጋ የፈለገችው ከአሥር ድሪሞቿ የጠፋችውን አንዷን ነው። ዋጋው አይጠፋም የተባለለትም አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ድፍን ይዞ የመጣው ያ ትእዛዙን ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ጠብቄአለሁ ያለው ባለጠጋ ወጣት ነው፤ ዘርዝረው ሲባል አዝኖ ሄደ።

ተነሣሁና የመዝሙሬን ድምፅ ቀነስኩ። ወዲያው የእሱም ጠፋ። ግቢው ጸጥ አለ። በአሥራ አንድ ዓመት ዙረቴ የኢያሪኮ ቅጥር ዛሬ ፈረሰ ብዬ በደስታ እንባዬ ሊመጣ ሲል ክፍሌን አየሁት፤ ጨለማ ነው። ለካ መብራት ሄዶ ነው።

ትንሽ ቆይቶ በሬ ተንኳኳ። «ክብሪት ይኖርሃል?» አለኝ በያጁ፤ በስምንት ወር ውስጥ የጠየቀኝ የመጀመሪያ ነገር ነው። ነበረኝ። ሻማም ነበረኝ፤ ለሁለት ቆርጬ ግማሹን ሰጠሁት። በማግሥቱ ጠዋት መብራት ሲመለስ ሁለታችንም መዝሙር ከፈትን። የእኔን በራሴ ቤት ብቻ እንዲሰማ አድርጌ ነበር። የእሱን ለመስማት ጆሮዬን ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነበረብኝ። መሃል ላይ ያለው ጎረቤታችን እስከ ስድስት ሰዓት ሲያንኮራፋ ሰማነው።

200 ብሯን ለመዘርዘር በዚያው ቀን ሦስት ሱቅ ዞርኩ። ሦስቱም «ዝርዝር የለም» አሉኝ። አራተኛው ዘንድ ግማሽ ኪሎ ቡና ገዛሁና መልሱን በአሥር አሥር ብር አድርግልኝ አልኩት። ቡናው ለግቢው ነው፤ አሥር አሥሯ ግን አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት። እናንተም ነገ ከቤት ስትወጡ ድፍኑን ብቻ ይዛችሁ አትውጡ፤ ታክሲውም ጎረቤቱም የሚጠይቀው ዝርዝር ነው።